ንዝረት ጥቂት ይናገር

ከጊዮርጊስ ወደ አራት ኪሎ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ስልኩ የሚደርስበት መንገድ ጠባብ ነው። የጥሪውን ድምፅ የወያላው ጩኸትና የመኪናው ሞተር ይውጡታል፤ ስክሪኑ ኪስ ውስጥ ሆኖ አይታይም፣ አውጥቶ መያዝም ለቀማኛ ያጋልጣል። የሚቀረው ቆዳ ነው። አፕ የምንሠራ ሰዎች ታዲያ በዚህ ጠባብ መንገድ ብዙ ነገር ለማሳለፍ እንጓጓለን። በእኔ እምነት ግን ንዝረት ጥቂት ነገር ብቻ ሊናገር ይገባዋል፤ ትርጉሙንም በጥንካሬው ሳይሆን በምቱ ርዝመትና በምቶቹ መካከል ባለው ዝምታ መያዝ አለበት።

ምክንያቱ ከአካላችንም ከመሣሪያውም ይመነጫል። ጤናማ የወጣት ጆሮ እስከ 20,000 ሄርዝ ይሰማል፤ ቆዳ ግን ከ1,000 ሄርዝ ገደማ ወዲያ ያለውን ንዝረት እምብዛም አይለይም፣ በደንብ የሚነቃውም ከ200 እስከ 300 ሄርዝ ባለው ነው። በርካሽ ስልኮች ውስጥ የሚንቀጠቀጠው ደግሞ ክብደቱ ወደ አንድ ጎን ያደላ ብረት የሚያሽከረክር ትንሽ ሞተር ነው። ሽክርክሪቱ ሲፈጥን ጉልበቱም አብሮ ስለሚጨምር፣ አንዱን ሳይነኩ ሌላውን መለወጥ አይቻልም። ለመነሣትም ለመቆምም ጊዜ ስለሚፈጅ የተቀራረቡ አጫጭር ምቶች ይደባለቃሉ። አንድ ረጅም ምትና ተራርቀው የሚመጡ ሁለት አጫጭር ምቶች ግን በየትኛውም ስልክ ይለያሉ።

አዳዲስ ስልኮች ረቂቅ ንዝረት ያወጣሉ የሚል መከራከሪያ ይነሣል። እውነት ነው፤ አንድሮይድም በፈረንጆች 2017 በወጣው 8.0 የንዝረትን ጥንካሬ መቆጣጠር ፈቅዷል። ረቂቁ ልዩነት ግን በወፍራም ጃኬት ወይም በሚንገጫገጭ ወንበር ላይ ይጠፋል፤ ስለዚህ ለጌጥ ይሁን እንጂ መልእክት አይሸከም። ሰው በንዝረት እስከ ሞርስ ኮድ ድረስ መማር ይችላል የሚሉም አሉ። ይችላል፣ ግን ለመማር ፈቅዶ ነው፤ አፕ የጫነ ደንበኛ እንዲህ ያለ ውል አልገባም። ንዝረትን አጥብቀው ለሚፈልጉት ዓይነ ስውራንም ከብዛቱ ይልቅ የሚጠቅማቸው አንድ ምት በየአፑ አንድ ትርጉም እንዲኖረው ማድረግ ነው።

ከባዱ ጥያቄ የክፍያ ነው። በ2013 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ቴሌብር ክፍያ የሚቀበል የፒያሳ ኬክ ቤት ገንዘብ ተቀባይ በንዝረት ብቻ «ብሩ ገባ» ብሎ ቢያምን፣ ተመሳሳይ ምት ያለው ሌላ መልእክት ያታልለዋል። እዚህ ንዝረት ማለት ያለበት «ተመልከት» ብቻ ነው፤ መጠኑንና የላኪውን ስም ስክሪኑ ይንገር። ስለዚህ የአፕ ሠሪው ሥራ የሚጀምረው ያለ ንዝረት መምጣት ያለባቸውን መልእክቶች በመለየት ነው። የቅናሽ ማስታወቂያው ሁሉ ሲያንቀጠቅጠው የመረረው ደንበኛ ንዝረቱን ያጠፋዋል፤ ያን ጊዜ የክፍያው ምትም አብሮ ይጠፋል።