ስለ «ኖኖ» እና ስለ «ልሳን»፤ የቃል ሥርና የቃል ትርጉም

በቢታ ገነትም ሆነ በቦንጋ ከፋዎች ቋንቋቸውን «ካፊ ኖኖ» ብለው ይጠሩታል። «ኖኖ» በዚሁ ቋንቋ አፍ ማለት ስለ ሆነ፣ ስሙ ቃል በቃል ሲፈታ «የከፋ አፍ» ይሆናል። ጎረቤታቸው ሸካም የራሱን ቋንቋ «ሸኪ ኖኖ» ይለዋል። ከኦሞቲክ ቋንቋዎች ወደ ኩሽቲኮቹ ስንሻገር፣ ኦሮሞው «አፋን ኦሮሞ»፣ ሲዳማው «ሲዳሙ አፎ»፣ ሶማሌው «አፍ ሶማሊ» ሲል እናገኛለን። የቃሉ ሥር ሌላ ነው፤ ሐሳቡ ግን ያው አፍ ነው። ግእዝ በበኩሉ ምላስን መርጧል፤ «ልሳን» ምላስም ቋንቋም ነው። የዕብራይስጥ «ላሾን»፣ የዐረብኛ «ሊሳን»፣ የላቲን «ሊንጓ» እንዲሁ ናቸው።

ሊዮ ራይኒሽ በ1888 እ.ኤ.አ. በቪየና፣ ኤንሪኮ ቼሩሊም በ1951 እ.ኤ.አ. በሮማ ስለ ከፋ ቋንቋ መጽሐፍ አሳትመዋል። የፊተኛው በርእሱ ከመናገር የወጣውን የጀርመንኛ ቃል፣ የኋለኛው ከምላስ የወጣውን የጣሊያንኛ ቃል አኖረ። አፍ ከሁለቱም ርእስ ቀርቷል። ይህን ግን እንደ ስሕተት ልንቆጥረው አይገባም፤ ተርጓሚ የሚፈልገው የቃሉን አገልግሎት እንጂ ሥሩን አይደለምና።

ነቀፋ የሚገባው ሌላ ነው። አንደኛ፣ «የካፊ ኖኖ ቋንቋ» ብሎ መጻፍ «የከፋ ቋንቋ ቋንቋ» እንደ ማለት ነው። «ካፊ ኖኖ» ወይም «ከፍኛ» ማለት ይበቃል። ሁለተኛውና የሚከፋው፣ ቋንቋን በአፍ የሰየመ ሕዝብ ረቂቁን ነገር ከሥጋ ብልት ለይቶ አላሰበም ብሎ መፍረድ ነው። እንዲህ የሚል ሰው የራሱን አማርኛ ይመርምር። ሕፃን መናገር ሲጀምር «አፉን ፈታ» እንላለን፤ የልጅነት ቋንቋችንንም «አፍ የፈታንበት» እንለዋለን። ጋዜጣ የፓርቲ «ልሳን» ሲባል ምላስ ትዝ የሚለው አንባቢ የለም። ከፋውም «ኖኖ» ሲል ዘወትር ስለ አፉ ያስባል ማለት አይቻልም።

እንግዲህ ወደ ከፋ የሚወርድ ተማሪ በመዝገቡ ሦስት ነገር ለያይቶ ቢጽፍ መልካም ነው፤ ሕዝቡ የሚጠራበትን ስም፣ የስሙን ሥር፣ ቃሉ በዕለት ንግግር የሚገባበትን ስፍራ። ሥሩ ቃሉ የመጣበትን መንገድ ያሳያል፤ ስለ ሕዝቡ አስተሳሰብ ለመፍረድ ግን ሦስተኛው ሳይመረመር ምስክር አይበቃም።