የማይረጋ ዳርቻ፦ የበጋ ጉዞ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር

የሐዋሳ ሐይቅ ከተማዋን በምዕራብ ያዋስናል። ዳርቻው ለእግረኛ የሚመቸው ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት የበጋ ወራት ነው። እነዚህ ወራት በሰሜኑ ዓለም የውርጭ ወራት ናቸው፤ በዚያ ወቅት ሰው የሌለበትን የውቅያኖስ ዳርቻ ተከትሎ መሄድም በምዕራቡ ሥነ ጽሑፍ የታወቀ ርእስ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1993 ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም፤ የዳርቻ ጉዞ ለአብዛኛው አንባቢ የሚያስታውሰው ሐይቅ ነው። ስለዚህ ዳርቻን «ዱር» የሚያሰኘው ምን እንደሆነ ሲጠየቅ፣ ከውቅያኖስ የተወሰደው መለኪያ ለሐይቅ ይሠራ እንደሆነ መመርመር ይገባል።

መለኪያው ረጅም ዕድሜ የለውም። ፈረንሳዊው የታሪክ ምሁር አለን ኮርባን እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመው ጥናት፣ የአውሮፓውያን የባሕር ዳር ፍቅር እ.ኤ.አ. ከ1750 እስከ 1840 ባለው ጊዜ እንደጎለበተ፣ ከዚያ በፊት ግን ዳርቻው ይፈራና ይጠላ እንደነበር ያስረዳል። አሜሪካዊው ጸሐፊ ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ፣ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1865 በታተመው «ኬፕ ኮድ»፣ የአትላንቲክን ዳርቻ ሰው ያልገራው ምድር አድርጎ ያቀርባል። አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ሬቸል ካርሰን እ.ኤ.አ. በ1955 ስለ ባሕር ጠርዝ በጻፈችው መጽሐፍ ደግሞ ትኩረቱ ወደ ወሰኑ ራሱ ይዞራል፤ የውኃና የየብስ ድንበር አንድም ቀን አይረጋም። ከእነዚህ ሥራዎች ሁለት መለኪያዎች ይወጣሉ፤ አንዱ ባዶነት፣ ሁለተኛው አለመርጋት ነው። በሐዋሳ የመጀመሪያው ሲወድቅ ሁለተኛው ይጸናል።

ባዶነት ለምን እንደማይሠራ ከደቡብ ወደ ሰሜን በሚደረገው ጉዞ ይታያል። ጉዞው ከታቦር ተራራ ብዙ በማይርቀው አሞራ ገደል ይጀምራል። ማለዳ ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ይዘው ሲመለሱ የዓሣ ገበያው ይደራል፤ ቆሮሶና አምባዛ እዚያው ይበለታል፤ ሾርባና ጥብስ ይሸጣል። አባ ኮዳዎች ትራፊ እየጠበቁ በሰው መሐል ይቆማሉ፤ ጦጣና ጉሬዛ ከዛፎቹ ላይ ይመለከታሉ። ወደ ሰሜን ሲታለፍ ፍቅር ሐይቅ የሚባለው የዳርቻው ክፍል ይመጣል፤ ይህ የጀልባ ተሳፋሪ፣ የፎቶ አንሺና የጥንዶች ስፍራ ነው። በዚህ መንገድ የዱር እንስሳቱ የሚገኙት ከሰው ርቀው ሳይሆን ሰው ባለበት ነው።

ከዚህ ጀርባ ሰፋ ያለ ልማድ አለ። በኢትዮጵያ ውኃ ዳር በብዛት የጉባኤ ቦታ ነው። ጥር 11 ቀን ጥምቀት ሕዝብን ወደ ውኃ ያወጣል፤ የኢሬቻ በዓል በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ይከበራል፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላም በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ባለው ጉዱማሌ ሕዝብ ይሰበስባል። የጣና ደሴት ገዳማት ብቸኝነትን ፈልገዋል፤ የፈለጉት ግን ዳርቻውን ተሻግረው ነው።

ሁለተኛው መለኪያ ከሐይቁ አፈጣጠር ጋር ይያያዛል። ሐይቁ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ በጥንታዊ እሳተ ገሞራ ስርገት ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,680 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተኝቷል። ስፋቱ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ከፍተኛ ጥልቀቱ 20 ሜትር ከጥቂት በላይ ነው። ከምሥራቅ ጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል፤ በምድር ላይ የሚወጣለት ወንዝ ግን የለም። እንዲህም ሆኖ ውኃው እንደ ሻላ ሐይቅ ጨዋማ አልሆነም፤ ለዚህም በከርሰ ምድር ስለሚሰርግ ነው የሚል ማብራሪያ ይሰጣል። መውጫ የሌለው ሐይቅ የዝናብንና የትነትን ሒሳብ በዳርቻው ላይ ያወራርዳል። ውቅያኖስ በጨረቃ ስበት በየቀኑ ሲሞላና ሲጎድል፣ የሐዋሳ ውኃ በክረምቱ ማብቂያ ሞልቶ በጋውን ሙሉ ያፈገፍጋል። ስለዚህ የበጋ እግረኛ የሚረግጠው አፈር ከጥቂት ወራት በፊት የሐይቅ ወለል የነበረ ሊሆን ይችላል፤ ፊላውና ደንገሉም ሥር የሰደዱት በዚሁ ተለዋዋጭ ጠርዝ ላይ ነው።

ወቅቱ ሌሎች ለውጦችም አሉት። ማለዳ ውኃው ጸጥ ይላል፤ ቀትር ላይ የብሱ ከውኃው ቀድሞ ሲሞቅ ነፋስ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነሣል፤ ከሰዓት በኋላ ሞገዱ ዳርቻውን ይመታል። ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ የሸሹ ዳክዬዎችና የውኃ ዳር ወፎች ከነዋሪዎቹ ወፎች ጋር ይቀላቀላሉ።

በረጅሙ ዘመን መለኪያ ግን ዳርቻው ከወቅት በላይ ይንቀሳቀሳል። ሐዋሳ በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የተቆረቆረችው ድንበሩ ባልተወሰነ ውኃ አጠገብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ሐይቁ ሞልቶ ከተማዋን ሲያሰጋ በዳርቻው የጎርፍ መከላከያ የአፈር ግድብ ተሠራ። በምሥራቅ የነበረው ጨለለቃ ሐይቅ ደግሞ በተቃራኒው ባለፉት አሥርት ዓመታት ወደ ረግረግነት ተለውጧል። አንዱ ውኃ ሲሰፋ ሌላው ጠብቧል።

ግድቡ ከተማዋን ጠብቋል፤ ተንቀሳቃሹን ወሰን ግን ቋሚ መስመር ሊያደርገው ሞክሯል። ሆቴሎችና መዝናኛዎችም በየድርሻቸው አጥር ሲያበጁ የእግር መንገዱ ይቆራረጣል። ወሰኑ እንደ ልቡ የሚንቀሳቀሰው ይበልጡን በጥቁር ውኃ መግቢያ ነው፤ እዚያ ረግረጉ ሰፊ ነው፣ ጉማሬም ይገኛል። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ በዚሁ አቅጣጫ መሠራቱ የከተማው ጫና ወደዚያም መድረሱን ያመለክታል።

ስለዚህ ስለ ሐዋሳ ዳርቻ የሚጻፍ ጽሑፍ ሰውን ከገጹ በማስወጣት ዱርነትን ሊያገኝ አይችልም፤ እንዲህ ያለው ጽሑፍ አጥማጁንም በዓል አክባሪውንም ይሰርዛል፣ ሐይቁንም በትክክል አይገልጽም። ጥበቃውም በተመሳሳይ መለኪያ ሊመዘን ይገባል። ሰውን ከዳርቻው ማራቅ ብቻውን ሐይቁን አያድነውም፤ የሚያስፈልገው ውኃው የሚሞላበትና የሚያፈገፍግበት ያልታጠረ ቦታ መተው ነው።