«ባህላቸው ነው» ብሎ ማለፍ

ልጅ ሐኪም ሲሆን የማይደሰት ቤተሰብ የለም። ይሁን እንጂ ሕክምና የሚማር ልጅ ስለ መድኃኒትና ስለ ደም ምርመራ ከመማር ሌላ ስለ ሰው ምን ይማራል? በአሜሪካ የፔንስልቬኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1967 ለተማሪዎቹ ታሪክን፣ ሥነ ጽሑፍን፣ ፍልስፍናንና ሥነ ምግባርን የሚያስተምር ክፍል አቋቋመ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ይህንኑ መንገድ ተከትለዋል።

በእነዚህ ክፍሎች አዘውትረው ከሚነበቡት መጻሕፍት አንዱ አሜሪካዊቷ ጋዜጠኛ አን ፋዲማን በ1997 ያሳተመችው ነው። ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «መንፈሱ ሲይዝሽ ትወድቂያለሽ» እንደ ማለት ነው። መጽሐፉ ከላኦስ ተሰዶ በካሊፎርኒያ መርሴድ ከተማ ስለ ሠፈረ የሞንግ ብሔረሰብ ቤተሰብ ይተርካል። ሊያ የተባለችው ልጃቸው በ1982 ተወለደች፤ በሦስት ወሯ ገደማ የሚጥል በሽታ ጀመራት። ወላጆቿ ነፍሷ ስለ ሸሸች ነው አሉ፤ ሐኪሞቹ የአንጎል ሕመም ነው አሉ። የመድኃኒቷ ትእዛዝ በአራት ዓመት ውስጥ 23 ጊዜ ተቀያየረ። ወላጆቿ እንደታዘዘው አልሰጧትም ተብሎ በ1985 በፍርድ ቤት ትእዛዝ ለወራት ከቤቷ ተወሰደች። በ1986 መጨረሻ ከባድ ሕመም አንጎሏን ጎዳው። ሐኪሞቹ መሞቷ ነው ቢሉም፣ በቤተሰቧ እንክብካቤ እስከ 2012 ኖረች።

ፋዲማን ሁለቱንም ወገን በቅንነት አዳምጣለች። ሐኪሞቹ ግዴለሾች እንዳልነበሩ፣ ወላጆቹም ልጃቸውን አብዝተው ይወዱ እንደነበር አሳይታለች። ይህ የመጽሐፉ ትልቅ ቁም ነገር ነው።

ነገር ግን ርእሱም አተራረኩም ጥፋቱን ሁሉ የሁለት ባህሎች ግጭት አድርጎ ወደማየት ይገፋናል። መጽሐፉ ራሱ የያዘው ማስረጃ ግን ሌላም ይናገራል። ሊያ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጊዜያት ሆስፒታል ስትደርስ መንዘፍዘፉ ቆሞ ነበር። የሆነውን የሚያስረዳ አስተርጓሚ ስላልነበረ ሐኪሞቹ የሳንባ ሕመም ነው ብለው መለሷት። ወላጆቿም በእንግሊዝኛ የተጻፈውን የመድኃኒት ብልቃጥ ማንበብ አይችሉም ነበር። ለእነዚህ ችግሮች መፍትሔው አስተርጓሚ መቅጠር እንጂ የመንፈስን ምንነት ማጥናት አይደለም። የመጨረሻው አደጋ በደረሰባት ጊዜ ደሟ በተሕዋስያን ተመርዞ ነበር፤ ከመድኃኒቶቿ አንዱ ለዚህ አጋልጧት ሊሆን እንደሚችል አንድ ሐኪም ለደራሲዋ ነግሯታል። እንግዲህ ይህንንስ ባህል እንበለው?

መጽሐፉን ሲጨርስ ባህል ያለው በሽተኛው ብቻ ነው ብሎ የሚያምን ተማሪ «ሞንጎች እንዲህ ናቸው፣ ሙስሊሞች እንዲህ ናቸው» የሚል ዝርዝር ይዞ ይወጣል። በረመዷን መድኃኒቷን ያልወሰደች እናት ስትመጣ «ሙስሊም ስለሆነች ነው» ብሎ ያልፋል። ለበሽተኛ ጾም የማፍረስ ፈቃድ እንዳለ እሷ ጠንቅቃ ታውቅ ይሆናል፤ መድኃኒቱን ያልወሰደችው ገንዘብ አልቆባት ይሆናል። ሐኪሙ ካልጠየቃት ይህን ከየት ያውቃል?

በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ ሐኪምና አንትሮፖሎጂስት የሆነው አርተር ክላይንማን መፍትሔ ይጠቁማል። ለዓመታት ሐኪሞች በሽተኛውን ስለ ሕመሙ ምክንያት ምን እንደሚያስብና ከሁሉ አብልጦ ምን እንደሚፈራ እንዲጠይቁት ሲያስተምር ኖሯል። የሕክምናውም ዓለም የራሱ ባህል እንዳለው፣ እሱም መመርመር እንዳለበት ያሳስባል። መምህራን መጽሐፉን ሲያስተምሩ ከርእሱ ይልቅ በዚህ ላይ ቢያተኩሩ ይበጃል እንላለን።

ወላጆችም ብንሆን ልጃችን ለዕረፍት ሲመጣ ስለ ውጤቱ ብቻ ጠይቀን አንለፈው። በሽተኛን እንዴት እንደሚያነጋግር፣ ቋንቋው የማይገባው ሰው ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ እንጠይቀው። አላህ ልጆቻችንን ጠይቀው የሚያዳምጡ ሐኪሞች ያድርግልን።