አብሽር፣ ይሠራል

ከወሎ ቃላት ሁሉ «አብሽር»ን የሚያህልብኝ የለም። ያዘነ ይጽናናበታል፤ የደነገጠ ይረጋጋበታል። አንድ ቦታ ላይ ሲባል ግን ያስፈራኛል፤ ኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤት ውስጥ።

ነገሩ ወዲህ ነው። እኛ ዘንድ ፍሪጅ የገዛ ሰው ስታብላይዘርም ይገዛል። መብራቱ በስሙ 220 ቮልት ይሁን እንጂ ከፍ ዝቅ ማለት ይወዳል፤ የሚያስተካክለው ይሄ ሳጥን ነው። ውስጡ ሪሌይ የሚባሉ ማብሪያዎች አሉ። ሪሌይ ማለት ኮይል ነው፤ ኮረንቲ ሲያልፍበት ማግኔት ሆኖ ብረቷን ይስብና «ጠቅ» ይላል። ኮይሉን የሚያዘው ትራንዚስተር ነው። ኮረንቲው ድንገት ሲቋረጥ ኮይሉ መልሶ የሚተፋው ቮልቴጅ ብርቱ ስለሆነ፣ እሱን የምታስተነፍስ አንዲት ዳዮድ አጠገቡ ትበየዳለች። እሷ ከተበላሸች ትራንዚስተሩ ብዙ አይቆይም።

ታዲያ ደሴ ፒያሳም ሆነ ሐረጎን ወርደው ኮምቦልቻ፣ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ምንድን ነው? የተቃጠለው ትራንዚስተር ይነቀላል፤ ከአሮጌ ቦርድ የተነቀለ ይተካል፤ ሪሌዩ «ጠቅ» ካለ «አብሽር ጋሼ፣ ይሠራል!» ይባላል። ዳዮዷን የለካ የለም። በሳምንቱ ይመለሳል። ፊውዙ ደጋግሞ ሲቃጠል ደግሞ በመዳብ ሽቦ ይታሰራል። ፊውዝ እኮ ዘበኛ ነው! ዘበኛው ጮኸ ተብሎ አፉ ይታሰራል?

ፈረንጆች ፒንቦል የሚሉት፣ ጣሊያኖች ደግሞ ፍሊፐር የሚሉት የመጫወቻ ሳጥን አለ፤ የብረት ኳስ እየተመታ ነጥብ የሚቆጠርበት። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኳሱን የሚገፉትን ኮይሎች በትራንዚስተር ማዘዝ ጀመረ። እነዚያን አሮጌ ማሽኖች የሚጠግኑ ጠንቃቆች ትራንዚስተር ተቃጥሎ ሲያገኙ አዲሱን ወዲያው አይበይዱም። ኮይሉን በሜትር ይለካሉ፣ ዳዮዱን ይፈትሻሉ፣ ፊውዙ በልኩ መሆኑን ያያሉ። ትራንዚስተሩ ሾርት ከሆነ ኮይሉ ኮረንቲ እንደያዘ ይቀራል፤ ይግላል፣ ይጨሳል። ይሄ ሁሉ ጥንቃቄ ለጨዋታ ዕቃ ነው።

የእኛ ሳጥን የሚጠብቀው ጨዋታ አይደለም። ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ያለ የመድኃኒት ቤት ፍሪጅ ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መያዝ አለበት። ሪሌዩ ከፍ በሚያደርገው በኩል ተጣብቆ ከቀረና መብራቱ ወደ ልኩ ከተመለሰ፣ ፍሪጁ ውስጥ የሚገባው ቮልቴጅ ከልክ ያልፋል። ኮምፕረሰሩ ቢቃጠል ሌላ መግዛት ቀላል ነው? በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር በጦርነቱ ሁለቱም ከተሞች ብዙ ንብረት ተዘርፎባቸዋል። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደግሞ ብሩ ለገበያ ተለቆ የውጭ ዕቃ ዋጋ የት እንደደረሰ እናንተም ታውቃላችሁ። የተረፈችው ፍሪጅ በጥገና መኖር አለባት።

ጠጋኙን ብቻ እንዳልወቅስ አንድ የደሴ ወጣት አፌን አስይዞኛል። «ጋሼ፣ ለክቼ ምክንያቱን ባገኝ ማን ይከፍለኛል? ሰው የሚከፍለው ለሚያየው ዕቃ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። «ይቺን ታህል ነገር ቀይረህ ይሄን ሁሉ ብር?» የምንለው እኛው ነን። ሐኪም ስቴቶስኮፕ ደረታችን ላይ ስላስቀመጠ እንከፍላለን፤ ሜትሩን ቦርዱ ላይ ላስቀመጠው ግን «ምን ሠራህ?» እንላለን።

ልጁ አንድ ሰሞን «የምርመራ ዋጋ ለብቻ» የሚል ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጥፎ ነበር። ደንበኛው እያነበበ፣ እየሳቀ፣ ጎረቤት ሱቅ ይገባል። በኋላ ሳልፍ ወረቀቱ ተነስቷል፤ በቦታው የሞባይል ካርድ ማስታወቂያ ተሰቅሏል።