ወርቁን አትሣለው

ግጥምና ኮሚክስ አብረው የሚወጡባት መድበላችን የተወለደችው ከማጣት ነው። ገጣሚው ጓደኛችን ብቻውን መጽሐፍ የሚያሳትምበት ገንዘብ አልነበረውም፤ ሠዓሊው ደግሞ በሥዕል ታሪክ እየሠራ መሳቢያ ውስጥ የሚከት ሰው ነው። እኔ ኮምፒውተር ላይ ገጽ ማቀናበር ስለምችል “አዘጋጅ” ተባልኩ። ሦስታችን አዋጣን፤ 32 ገጽ፣ 300 ቅጂ።

32 የሆነው በምርጫ አይደለም። ኤ4 ወረቀት ለሁለት ሲታጠፍ አራት ገጽ ይወጣዋል፤ መሐሉ ላይ በሽቦ የሚመታ ጥራዝ ገጹ ለአራት ካልተካፈለ ትርፉ ባዶ ገጽ ነው። ስምንት ወረቀት ነበር የቻልነው። ሲታተም ገጽ 1 ከ32 ጋር፣ ገጽ 2 ከ31 ጋር ይጎራበታሉ፤ ድምሩ 33 ካልመጣ የሆነ ቦታ ተሳስተሃል። ተከታታይ ሆነው በአንድ ወረቀት ፊት ላይ ጎን ለጎን የሚወድቁት ደግሞ 16 እና 17 ብቻ ናቸው። ይህን ሳናውቅ ነበር የጀመርነው። ሠዓሊው ገጽ 10 እና 11 ላይ የዘረጋው ፈረስ ሲጠረዝ አንገቱ ከትከሻው ዝቅ ብሎ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የመሐሉን ገጽ ማን ይወስዳል በሚለው ሳንጣላ የወጣ እትም የለም።

ሁለተኛው እትም የፊደል ጣጣ ነበረበት። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ ፕሮግራሞች ፊደሉን እያንዳንዳቸው በራሳቸው መንገድ ነበር የሚያስቀምጡት። ገጣሚው ከድሮው ፕሮግራሙ ጋር አልለያይ ብሎ ነበር። የጻፈውን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስትከፍተው የላቲን ፊደልና የሠረዝ ውርጅብኝ ይሆናል። ስሙን የማልጠራው ማተሚያ ቤት ፋይሉን ሳያይ ፕሌት አወጣበት፤ እኛም ፕሩፍ እንይ አላልንም። አንድ ሙሉ ግጥም በማንም ቋንቋ የማይነበብ ሆኖ ታተመ።

“ለምን በእጄ አልጽፈውም?” ያለው ያኔ ሠዓሊው ነው። ዊልያም ብሌክ በ1789 ለንደን ላይ ግጥሙንና ሥዕሉን በአንድ የመዳብ ሰሌዳ ሲያወጣ ፊደሉን ገልብጦ መጻፍ እንደነበረበት፣ ማተሙንና ማቅለሙንም ከሚስቱ ጋር ራሱ ይሠራው እንደነበር ነገርኩት። “እኔ ቢያንስ አልገለብጥም” ብሎ ተጽናና።

ግን አማርኛ ፊኛ ውስጥ በቀላሉ አይገባም። ፊኛ የምንለው ከገጸ ባሕርይው አፍ የሚወጣውን የንግግር ክብ ነው። “አልነገርኳችሁም” ብሎ አንድ ሰው አንድ ቃል ሲናገር ዘጠኝ ፊደል ነው። የብራና ጸሐፊ መስመሩ ባለቀበት ቃሉን ቆርጦ ቀሪውን ወደ ታች ያወርደዋል፣ ማንም አይደናገርም፤ ፊኛ ውስጥ ግን የተቆረጠ ቃል ተናጋሪውን ተብታባ ያስመስለዋል። መፍትሔው መጀመሪያ ንግግሩን መጻፍ፣ ሰውየውን በተረፈው ቦታ መሣል ሆነ። የኛ ሰዎች አጫጭር የሆኑት ለዚህ ነው።

ኮሚክስ የፈረንጅ ነው የሚለን አይጠፋም። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በአራት ማዕዘን ክፍልፋይ፣ ብዙ ጊዜ በ44፣ ከዘንዶው ጀምሮ ቀዳማዊ ምኒልክ እስኪነግሥ ደርድሮ፣ ከሥዕሉ ጋር በአማርኛ እየጻፈ የሚሸጠው ሠዓሊ ታዲያ ምን ይባል? እኛ የጨመርነው ማጠፊያውን ነው።

ከሁሉ የከበደን ሰምና ወርቅ ነው። ለሦስተኛው እትም ገጣሚው ይህችን ይዞ መጣ፦

አራት ዓመት ሙሉ ሲቀመጥ ከግቢ፣
ልጄ ተማረልኝ፤ ጎረቤቴ ግቢ።

ለአማርኛ አንባቢ ቅኔ መፍታት ነውር ቢሆንም፣ ለሥዕሉ ስል ይፈቀድልኝ። ሰሙ የምረቃ ደስታ ነው፤ ዩኒቨርሲቲውን ግቢ እንለዋለን፣ አራት ዓመትም የዲግሪ ዕድሜ ነው። ወርቁ “ተማረ” ላይ ነው፤ ምሕረት አገኘ። ያኔ ግቢውም ሌላ ግቢ ይሆናል። ቤት መምቻውን ጮክ ብሎ ያነበበ አንዱን ግቢ ያጠብቀዋል፣ ሌላውን ያላላዋል፤ ወረቀት ላይ ግን መንታ ናቸው።

ሠዓሊው በሳምንቱ አራት ክፍል ሥሎ አመጣ። የሽቦ አጥር፣ የዘብ ማማ፣ ነጠላዋን ያጣፋች እናት። ማማሩስ ያምራል። ገጣሚው አይቶ አይቶ፣ “ገደልከው” አለ። እውነቱን ነው፤ ዓይን ከፊደል ይቀድማል፣ አንባቢው ስንኙ ጋ ሳይደርስ ማማውን አይቶታል። ሠዓሊው ተናዶ በሁለተኛው ሙከራ ጥቁር ካባና የምረቃ ቆብ ይዞ መጣ። ይሄኛው ደግሞ ባሰ፤ ካባውን ያየ ሰው የሚጠረጥረው ነገር የለም።

ሦስት ሳምንት ተጨቃጨቅን። እኔ ሥዕሉ ይቅር፣ ገጹ ነጭ ይሁን ባይ ነበርኩ። (አዘጋጅ ሲደክመው ባዶ ቦታን ጥበብ ይለዋል።) በመጨረሻ የመጣው ሥዕል ሰው እንኳ የለበትም። መጀመሪያ ገርበብ ያለ በር። ቀጥሎ መሬት ላይ የተጎዘጎዘ ቄጠማ። ከዚያ ግድግዳ ሥር በሲባጎ የታሰረ ብርድ ልብስና አፉ የተቋጠረ ፌስታል። አራተኛው ደጃፍ ላይ የወለቀ የሴት ጫማ፤ ጎረቤቲቱ ገብታለች። ብርድ ልብስና ፌስታል ይዞ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ተማሪ ነው፤ ታሳሪም ነው። ዛሬም አንድ ግጥም ሠዓሊው እጅ ሲገባ መጀመሪያ የሚፈልገው ለሁለቱም ቤት የሚሆን ዕቃ ነው። ካጣ አይሥልም፣ እኛም አንጎተጉተውም።

ያን እትም ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ መጽሐፍ ለሚያዞር ልጅ አሥር ቅጂ ይዤለት ሄድኩ። ገለጥ ገለጥ አደረገና፣ “ወንድሜ፣ ይሄ የልጆች ነው አይደል?” ብሎ ከፊደል ገበታዎቹ ጋር ደረደረው። ሥዕል አይቷላ። ልከራከረው ስል አንዷን መልሶ አንሥቶ ገጽ 16 ላይ ቆሟል። ስንኙን አነበበ፣ ሥዕሉን አየ፣ ተመልሶ አነበበ።

“ቆይ፣ ልጁ ከየትኛው ግቢ ነው የመጣው?”

“ሠዓሊው አልነገረኝም” አልኩት።

ዘጠኙን ከፊደል ገበታዎቹ አንሥቶ ከልብ ወለዶቹ ላይ አደረጋቸው። አንዷን ግን እዚያው ተዋት። “ለልጄ ብሎ የሚገዛም አይጠፋም” አለኝ።