የጥበበ እድ ትምህርትና የጎንደር ግንብ፤ የጥንታዊ ሕንፃ ጥበቃ ሙያ እንዴት ይወረሳል?

በአገራችን ስለ ጥንታውያን ሕንፃዎች የተጻፈውን ለሚመረምር ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ጎልቶ የሚታየው ነገር፣ ያሠራው ንጉሥ ስም፣ የተሠራበት ዘመንና የታሪኩ ክብር በብዙ ትጋት ሲተረክ፣ ድንጋዩን የጠረበው፣ ኖራውን ያቃጠለውና ቅስቱን ያቆመው እጅ ግን ሳይነሣ መታለፉ ነው። ይህ ዝምታ የታሪክ ጉድለት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለታሪክ ጸሐፊዎች ልንተወው በቻልን ነበር፤ ነገር ግን ዛሬ ግንቡ ሲሰነጠቅ፣ ጣሪያው ሲያፈስና ልስኑ ሲረግፍ ያው የተረሳው እጅ እንደ ገና የሚፈለግ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ነገሩ ከታሪክ ጥያቄነት አልፎ የትምህርት ጥያቄ ሆኗል። የዚህ ዳሰሳ ሐሳብም፣ ጥንታዊ ሕንፃን የመጠበቅ ሙያ በግድግዳው ሥር፣ ከባለሙያው አጠገብ፣ ክረምትና በጋ እየተፈራረቁ የሚወረስ ዕውቀት መሆኑን፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ትምህርትም አገራችን በአብነት ትምህርት ቤቶቿ ውስጥ የቆየ ሥርዓት ይዛ ሳለ ያንን ክብር ለጥበበ እድ ሳትሰጥ መኖሯን ማሳየት ነው።

የጎንደርን አብያተ መንግሥት ለዚህ ጉዳይ የመረጥሁት ሥራቸው ራሱ ስለ ሙያው ብዙ ስለሚናገር ነው። ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ በኋላ እሳቸውና ተከታዮቻቸው ያሠሯቸው ግንቦች፣ 900 ሜትር ያህል በሚረዝም ቅጥር ውስጥ ተሰብስበው የሚገኙ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ግድግዳቸው በአመዛኙ ቡናማ የባዛልት ድንጋይ፣ የበሮቻቸውና የመስኮቶቻቸው ቅስት ደግሞ ቀላ ያለና ለመጥረብ የሚመች የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ይህን ሁሉ አያይዞ ያቆመው ግን ኖራ ነው። የአክሱም ዘመን ግንበኛ ድንጋዩን በጭቃና በእንጨት ማሰሪያ ያቆም ነበር፤ የላስታው ጠቢብም ቤተ መቅደሱን ከአንድ ዓለት ፈልፍሎ ስላወጣው ማያያዣ አላስፈለገውም። ስለዚህ በኖራ መገንባት በጎንደር ዘመንና በዋዜማው የተስፋፋ ጥበብ ነው፤ በእንፍራዝ አቅራቢያ የሚገኘውና ለዐፄ ሠርፀ ድንግል የሚሰጠው የጉዛራ ግንብም የዚያ ጅምር ምስክር ሆኖ ይጠቀሳል። የሕንድና የፖርቱጋል ጠቢባን ድርሻ ምን ያህል እንደ ነበረ ሊቃውንት ሲከራከሩበት ኖረዋል፤ ለእኛ ጉዳይ ግን ዋናው ነገር ጥበቡ ከየትም ይምጣ ከየት፣ በአገሬው እጅ ገብቶ የአገሬው ሙያ መሆኑ ነው።

የኖራን ጠባይ ሳያውቅ ይህን ግንብ የሚነካ ሰው፣ ፈቃዱ የቱንም ያህል ቅን ቢሆን ያፈርሰዋል። የኖራ ድንጋይ በእቶን ውስጥ ወደ 900 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ሲቃጠል በውስጡ የታሰረው የካርቦን ጋዝ ስለሚወጣ፣ ከ100 ኪሎ ንጹሕ ድንጋይ 56 ኪሎ ያህል ብቻ ይቀራል፤ ይህም የቀረው ውሃ ሲነካው በኃይል ፈልቶና ተፈረካክሶ ነጭ ቡኮ ይሆናል፤ ቡኮው በጉድጓድ ውስጥ ውሃ ለብሶ ለወራት ሲቆይ ጠባዩ ይሻሻላል፤ ከአሸዋ ተቀላቅሎ በድንጋዮቹ መካከል ከገባ በኋላም ያጣውን ጋዝ ከአየር ቀስ በቀስ መልሶ እየወሰደ ዳግመኛ ወደ ድንጋይነት ይመለሳል። ይህ መመለስ የወራት፣ በወፍራም ግድግዳ ውስጥም የዓመታት ሥራ በመሆኑ፣ ኖራ የሚያስተምረው የመጀመሪያው ትምህርት ትዕግሥት ነው ማለት ይቻላል።

ባለፈው ክፍለ ዘመን በእነዚህ ግንቦች ላይ በተደረጉት ጥገናዎች ሲሚንቶና የብረት ቤቶን ገብቶ ነበር። ሲሚንቶ ቶሎ ስለሚጠነክር፣ ጥንካሬውም በቁጥር ስለሚለካ፣ ለዘመኑ መሐንዲስ ከኖራ የተሻለ መስሎ ቢታየው አያስደንቅም። ይሁን እንጂ በኖራ የተሠራ ግድግዳ የክረምቱን እርጥበት ተቀብሎ በበጋ በመጋጠሚያዎቹ በኩል መልሶ የሚያወጣ ስለ ሆነ፣ መጋጠሚያው በሲሚንቶ ሲደፈን ውሃው መውጫ አጥቶ ወደ ድንጋዩ ይዞራል፤ በውሃው የሟሟው ጨውም በድንጋዩ ቆዳ ሥር እየደረቀ ይሰነጥቀዋል፤ እንዲህም ሆኖ ማያያዣው ጸንቶ ሲቀር ድንጋዩ ይበላል። ኋላ የመጡት ጠጋኞች ያንን ሲሚንቶ እያወጡ በኖራ ለመተካት ብዙ ደክመዋል። ጥፋቱን በሲሚንቶ ላይ ማላከክ ቀላል ነው፤ እኔ ግን ጥፋቱ ሕንፃን በጥንካሬ ልክ ብቻ መዝነን እንድንፈርድ ካስለመደን ትምህርት የመጣ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም በጥንታዊ ግድግዳ ላይ ማያያዣው ከድንጋዩ ይልቅ ደካማ መሆን አለበት የሚለው የግንበኞች ሕግ፣ ከኖራ ጋር ውሎ ላላደረ ሰው እብደት መስሎ ይታያል።

ይህ ሕግ በቃል ተነግሮ የሚያዝ አይደለምና፣ አንድ ጀማሪ መጋጠሚያ መሙላትን ሲማር የሚያልፍበትን መንገድ ጠጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል። አስቀድሞ በመዶሻው እጀታ ግድግዳውን ቀስ እያለ ይመታል፤ የተያያዘው ልስን ጥርት ያለ፣ የተላቀቀው ደግሞ ባዶ ድምፅ ይሰጣል፤ በዚህ ሁለት ድምፅ መካከል ያሉትን ብዙ ድምፆች ለይቶ ያወቀ ጆሮ በአንድ ሳምንት ሥልጠና አይገኝም። ቀጥሎ የሞተውን ማያያዣ በመሮና በትንሽ መዶሻ፣ የመጋጠሚያውን ስፋት እጥፍ ያህል እስኪጠልቅ ድረስ ያወጣል፤ እዚህ ላይ ችኮላ የድንጋዩን ጠርዝ ይሰብራል፣ የተሰበረ ጠርዝም አይመለስም። አቧራውን ጠርጎ ክፍተቱን በውሃ ያርሰዋል፤ ደረቅ ድንጋይ የኖራውን ውሃ በቅጽበት ይመጠዋልና፣ ያልራሰ መጋጠሚያ የተሞላበት ኖራ በጥቂት ቀን ውስጥ እንደ አመድ ይረግፋል። ምጣኔው አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ አሸዋ ተብሎ ቢጻፍም፣ አሸዋው ከወንዝ ወንዝ ስለሚለይ፣ ልምድ ያለው ግንበኛ በመዳፉ ጨብጦ መንኮሻኮሹን ሰምቶና አፈር እንዳለበት በጣቱ አሽቶ ካላየ በቀር ምጣኔውን አይወስንም። ሥራው ካለቀ በኋላም እርጥብ ጆንያ አልብሶ በየጊዜው ውሃ እየረጨ ከፀሐይና ከነፋስ ይጠብቀዋል። በጎንደር ይህ ሁሉ ዝናቡ ካባራ በኋላ የሚሠራ በመሆኑ፣ ተማሪው ያጠፋውንና ያለማውን የሚያየው የሚቀጥለው ክረምት መጥቶ ሲያልፍ ነው።

ከዚህም የሚከብድ ትምህርት አለ፤ እርሱም እጅን መሰብሰብ ነው። ጥምቀት በሚከበርበት በፋሲል መዋኛ ዙሪያ ባለው ቅጥር ላይ የበቀሉት ታላላቅ ዛፎች ሥሮቻቸውን በድንጋዩ ላይ እንደ ጣት ዘርግተው ይታያሉ። መጽሐፍ ብቻ ያነበበ ጠጋኝ ሥር ግድግዳን እንደሚያፈርስ ያውቃልና ቆርጦ ለመጣል ይቸኩላል፤ ሥሩ ግን በአንድ ወገን እየከፈለ በሌላው ወገን አቅፎ የያዘው ግድግዳ ስለሚኖር፣ ሥሩ ሲወጣ ወይም ተቆርጦ ሲበሰብስ ግድግዳው ተከትሎ ይወርዳል። የትኛው ሥር ያፈርሳል፣ የትኛው ይደግፋል የሚለው ፍርድ፣ በዚያው ቅጥር ላይ ለብዙ ዓመታት ዓይኑን ያሳረፈ ሰው ፍርድ ነው።

የዚህ ፍርድ እጦት ምን እንደሚያመጣ ላሊበላም አይታዋለች። በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ አንዳንዶቹ የዓለት አብያተ ክርስቲያናት ዝናብ እንዳያስገቡ በማሰብ ሬንጅና ቀይ ቀለም ተቀብተው ነበር፤ ሽፋኑም እርጥበቱን በዓለቱ ውስጥ አፍኖ ያዘው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ኢጣሊያዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ፣ በኋላ የዓለም ሐውልቶች ፈንድ በተባለው ድርጅት አማካይነት ሥራውን ሲጀምር፣ ከሠራቸው ታላላቅ ሥራዎች አንዱ ይህንኑ ሽፋን ማንሣት ነበር። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በአራት ስፍራ ከአብያተ ክርስቲያናቱ በላይ የቆሙት ታላላቅ የብረት መጠለያዎችም ዝናቡን ከልክለዋል፤ ዓለቱን የሚያክም እጅ ግን መጠለያ ብቻውን አይወልድም።

ወደ ዓለም አቀፍ ድንጋጌዎች ብንመለከት፣ የጥበቃ ሰዎች ሁሉ የሚጠቅሱት እ.ኤ.አ. በ1964 በቬኒስ የወጣው ቻርተር 16 አንቀጾች ሲኖሩት፣ ጥገና ግምት በሚጀምርበት ቦታ መቆም እንዳለበት በዘጠነኛው አንቀጹ ያስተማረው ትምህርት እስከ ዛሬ የሙያው ዐምድ ሆኖ ኖሯል። ነገር ግን ከ16ቱ አንዱ እንኳ ሥራውን ስለሚሠራው ባለእጅ አስተዳደግ የሚናገር አይደለም፤ ሐውልቱ ተጠባቂ፣ ሊቁ ጠባቂ ሆኖ፣ ግንበኛው በመካከሉ ጠፍቷል። ይህን ክፍተት እ.ኤ.አ. በ1993 በኮሎምቦ የጸደቀው የትምህርትና የሥልጠና መመሪያ በከፊል ሞልቶታል። ከሁሉ ይልቅ ወደ ነገሩ ሥር የገባችው ግን ጃፓን ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1975 ሕጓን አሻሽላ፣ ቅርስን ለመጠገን የሚያስፈልገውን ጥበብ ራሱን በመንግሥት ጥበቃ ሥር አገባችው፤ ጥበቡን የያዙትን ሰዎችም በስም እየመረጠች ደቀ መዛሙርት እንዲያሳድጉ ትረዳለች። በዚህ አስተያየት አናጢው ከቤተ መቅደሱ እኩል ቅርስ ሆነ ማለት ነው።

በእኛ አገር ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። የዜማ፣ የቅኔና የመጻሕፍት ተማሪ ቤቱን ጥሎ፣ ኮፋዳውን አንግቶ፣ ለምኖ እየበላ ከየኔታ እግር ሥር ለብዙ ዓመታት ሲቀመጥ፣ የሚቀስመው ቃሉን ብቻ አልነበረም፤ የመምህሩን አካሄድ፣ አነጋገርና ፍርድ ጭምር ነበር፤ ሳይበቃም አስተምር አይባልም፤ ሲበቃም በማን ተማርህ ተብሎ ይጠየቃል እንጂ ስንት ወር ተማርህ አይባልም። ለኖራና ለድንጋይ ትምህርት ከዚህ የተሻለ ሥርዓት ማሰብ ያስቸግራል። ዳሩ ግን ይህ ክብር ለቃል ተሰጥቶ ለእጅ ተነፈገ። ቀጥቃጩ፣ ፋቂው፣ ሸማኔው በስድብ ስም ሲጠራ ኖረ። በጎንደር ዘመን በግንበኝነትና በአናጢነት ካገለገሉት የቤተ እስራኤል ጠቢባን መካከል የአዛዥነትና የበጅሮንድነት ማዕረግ ያገኙ እንደ ነበሩ የታሪክ ተመራማሪዎች ጽፈዋል፤ የመናገሻው ኃይል ሲደክም ግን ማዕረጉ ቀርቶ የቡዳነት ስም ብቻ ተረፋቸው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን መስደብ በአዋጅ ቢከለክሉም፣ አዋጅ የዘመናትን ልማድ በአንድ ጊዜ አይሽርም። በ1977 ዓ.ም. እና በ1983 ዓ.ም. በታላላቆቹ ጉዞዎች አብዛኞቹ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ሲሄዱ፣ ከጎንደር በስተሰሜን ባለችው በወለቃና በሌሎች መንደሮች በቤተሰብ ውስጥ ሲወረስ የኖረ የእጅ ዕውቀት አብሮ ሄደ። በዚያም አዲሱ ኑሮ ለዚያ ሙያ ብዙ ቦታ አልነበረውም።

እንግዲህ ዛሬ በየጥገናው ሥራ የሚሰጠው ሥልጠና ለምን እንደማይዘልቅ ከዚህ አንጻር መረዳት ይቻላል። ገንዘቡ ሲመጣ ወጣቶች ተሰብስበው መሮ መያዝና ኖራ ማርካት ይማራሉ፤ ጥቂቶቹም በእውነት ይሠለጥናሉ፤ ገንዘቡ ሲያልቅ ደግሞ የተማሩት እጆች በየከተማው ወደሚሠራው የብሎኬት ቤት ይበተናሉ፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ሌላ ገንዘብ ሲመጣም ትምህርቱ ከፊደል ይጀምራል። የምስክር ወረቀት የተሰጣቸውን ሰዎች ብዛት መቁጠር ይህን ጉድለት ይሸፍነዋል እንጂ አይፈውሰውም። ጥበቡ የሚጸናው አንድ ግንበኛ በአንድ ግንብ ላይ እንዲያረጅ፣ እያረጀም እንዲያስተምር ደመወዝና ማዕረግ ሲቆረጥለት ነው።

ለዚህም አብነቱ በዚያችው ከተማ ይገኛል። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያውን በአንድ ቡድን ወደ ጤና ጣቢያ እየላከ፣ በሕዝቡ መካከል በሥራ ላይ ያሠለጥን ነበር። በዚያው መንገድ አርክቴክቱ፣ ግንበኛው፣ አናጢውና ኖራ አቃጣዩ በአንድ ቡድን ሆነው በአንድ ቅጥር ሥር ቢያንስ ሁለት ክረምት ቢያሳልፉ፣ የቡድኑም ሥራ ባለቀበት ቀን ሳይሆን ዝናብ ካለፈበት በኋላ ቢመረመር፣ ፈታኙም ከዩኒቨርሲቲው መምህር ጋር እኩል ድምፅ ያለው ባለመሮው ሽማግሌ ቢሆን፣ መሐንዲሱ ኖራን በእጁ ያውቃል፤ ግንበኛውም የሚሠራውን በወረቀት ላይ መዝግቦ ለተከታዩ ያቆያል። ለጅምሩ የንጉሡን ግንብ ለጀማሪ እጅ መስጠት አያስፈልግም፤ 44 ታቦት ባላት ከተማ ውስጥ ጥገና የሚጠብቁት የአድባራት ቅጥሮችና ደጀ ሰላሞች ለመጀመሪያው ተማሪ በቂ ናቸው።