የሚያሳክክ ቆዳና የጓሮ መድኃኒት

ስቴፋን ስትሬልሲን በ1968 እ.ኤ.አ. በዋርሶ ያሳተሙት የኢትዮጵያ የሕክምና ድርሳናት ጥናት፣ የደብተራዎችን መጽሐፈ መድኃኒት ለምሁራን ያደረሰ ታላቅ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ የቋንቋ ሊቅ እንጂ የሐኪም ሥራ አይደለም፤ የዕፅዋቱን ስም ያጣራል፣ ቅጠሉ ማንን እንደሚጎዳ የመመርመሩ ድርሻ ግን የጤና ባለሙያው ነው። ይህ ድርሻ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ሳይሠራ ቆይቷል።

በበጋ ደረቅ አየር የተሰነጠቀ ቆዳን ቅቤ ያለሰልሰዋል፤ ይህን መንቀፍ አያስፈልግም። ጤና አዳምና ሎሚ ግን የተለዩ ናቸው። ሁለቱም ፉራኖኩማሪን የተባለ ንጥረ ነገር ስላላቸው፣ ጭማቂያቸውን ተቀብቶ እርሻ ላይ የዋለ ሰው ቆዳው በፀሐይ ይቃጠላል፣ ውኃ ይቋጥራል፤ ጥቁረቱም ለወራት ይቆያል። በደጋው ፀሐይማ ይብሳል።

ከዚህ የከፋው ማሳከክን ሁሉ የሙቀት ጣጣ አድርጎ ማየት ነው። ከ2008 ዓ.ም. ድርቅ ጋር እከክ በአማራ ክልል በስፋት ተዛምቶ ነበር። ሌሊት የሚብስ፣ በጣቶች መካከል የሚወጣና ቤተሰብን የሚያዳርስ ማሳከክ በቅቤ አይድንም፤ ፐርሜትሪን ወይም የዲን ቅባት ለቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ጊዜ መሰጠት አለበት።

ነቀፌታው ለጤና ጣቢያውም ይደርሳል። «ምን ቀባሽው?» የሚለው ጥያቄ በቁጣ ከተጠየቀ እናት ጤና አዳሙን ትደብቃለች፤ ባለሙያውም ቃጠሎውን የመረቀዘ ቁስል ነው ብሎ አንቲባዮቲክ ያዝዛል።